ጠባቡ ሜዳ፦ የአቶ ኢልፖ ሃላቫራ ዜና ሕይወት፣ በታላቅ እኅታቸው አንደበት

ወንድሜን ለመሸኘት በዚህ ብርድ ከየቤታችሁ ወጥታችሁ በሰበካችን አዳራሽ የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ እኔ ሲርካ ሃላቫራ ይህን ዜና ሕይወት እንዳነብ የታዘዝኩት በዕድሜ ስለምበልጣቸው እንጂ ለውዳሴ የተመቸ አንደበት ስላለኝ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። በልጅነታቸው አፍንጫቸውን የጠረግኩላቸውን ሰው «እርሳቸው» ማለት ቢከብደኝም፣ ወጉ ነውና እላለሁ።

አቶ ኢልፖ ከአባታቸው ከአቶ ታይስቶ ሃላቫራና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሄልቪ እ.ኤ.አ. በ1952 ዓ.ም. በዚሁ በሐይቃችን ዳር፣ በእንፋሎት መታጠቢያ ቤታችን በሳውናው ውስጥ ተወለዱ። እኔ የተወለድኩት በከተማው ሆስፒታል ስለነበር፣ እናታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር የእርሳቸውን አወላለድ እንደ ተአምር ስትተርክ የእኔን በአንድ ቃል ታልፈው ነበር፤ ቅናቴም የጀመረው ያኔ ይመስለኛል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከመንደራችን ትምህርት ቤት ገብተው፣ የሒሳቡን የቤት ሥራ እኔ እየሠራሁላቸው፣ በመልካም ውጤት አጠናቀቁ። እውነተኛው ትምህርት ቤታቸው ግን ሐይቁ ነበር። ሐይቁ በረዶ ሆኖ ከረጋበት ቀን አንሥቶ እስኪቀልጥ ድረስ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማችንን አጥልቀን ስንሽቀዳደም እንውላለን፤ አንድ ቀንም ቀድመውኝ አያውቁም። አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፒፓቸውን ይዘው ከዳር ቆመው «ሲርካ፣ በቃሽ! ወንድምሽን በሰው ፊት አታሳፍሪው፣ ግቢና ድንች ላጪ!» ይሉኝ ነበር። የከተማው የበረዶ ላይ ሆኪ ቡድን ልጆችን ሊመለምል በመጣ ጊዜ እርሳቸውን ወሰደ፤ ለሴት ልጅ ቦታ አልነበረውምና እኔ ድንቼን ስልጥ ቀረሁ፣ ኋላም የመንደራችን ፖስተኛ ሆንኩ።

በሃያ አራት ዓመታቸው አንድ የአሜሪካ ትልቅ ቡድን ሲያስፈርማቸው መንደሩ በሙሉ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ወጥቶ ሸኛቸው። ሻንጣቸውን የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ። ይሁን እንጂ ያ የመጀመሪያ ክረምት ክፉ ሆነባቸው፤ ገና ሳይጀምሩ ወደ ታችኛው ቡድን ወርደው፣ ከአንዱ ትንሽ ከተማ ወደ ሌላው በአውቶቡስ ሲንከራተቱ ከርመው፣ በጸደይ ሁለት ጥርሳቸውን አጥተውና ከስተው ተመለሱ። ሱቁ በር ላይ «አልሆነለትም! እዚያ እኮ ወንድ ነው የሚፈለገው» ሲባል ሰምቼ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ደስ አለኝ።

የመጡ ዕለት ከሳውና ወጥተን ደረጃው ላይ በተቀመጥንበት «ሜዳው ጠባብ ነው» አሉኝ። የእኛ አገር የሆኪ ሜዳ ሰፊ ስለሆነ ተጫዋቹ ቀና ብሎ የሚያይበት ጊዜ አለው፤ እዚያ ግን ቀና ያለ ሰው ከአጥሩ ጋር ይላተማል።

«ታዲያ እናጥብበዋ» አልኳቸው።

ሐይቁ ገና አልቀለጠም ነበርና በማግስቱ በረዶውን በአካፋ ከግራና ከቀኝ ከምረን ሜዳውን አጠበብነው። «አሁን አሜሪካኑ እኔ ነኝ፤ ወንድ ከሆንክ እለፈኝ!» እያልኩ በትከሻዬ ከክምሩ ጋር አላጋቸው ጀመር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጎድኔን ሰበርሽው እኮ!»

«እዚያም እንዲህ እያልክ ልታለቅስባቸው ነው? ተነሥ!»

በረዶው ከእግራችን ሥር መሰንጠቅ እስኪጀምር ድረስ በየቀኑ እንዲህ አደረግን፤ ከወንድሜ ጋር የነበረኝን የቆየ ቂም በሙሉ በዚያ ትከሻ እንደተወጣሁት አልሸሽግም። በመጨረሻ በእኔና በክምሩ መካከል ባለችው ቀዳዳ ሾልከው ማለፍ ቻሉ።

በመኸር ተመልሰው ሄደው ዋናውን ቡድን ተቀላቀሉ፤ ለብዙ ዓመታትም ስማቸው በሁለት አህጉር የሚጠራ ተጫዋች ሆኑ። ጋዜጠኛ እስከዚህ ድረስ መጥቶ «ለዚህ ያበቃህ ማን ነው?» ሲላቸው «አባቴ» አሉ። የበረዶ ጫማ በእግራቸው ገብቶ የማያውቅ አባታችን! ያን በጋ ሙሉ አላናገርኳቸውም፤ ጨው እንኳ ሲጠይቁኝ በእናታችን እጅ ነበር የማቀብላቸው።

አቶ ኢልፖ የመንደራችንን መምህርት ወይዘሮ ታርያን አግብተው ሚርቫና ኬይዮ የተባሉ ልጆችን አፈሩ። ከጨዋታ ዓለም ሲሰናበቱ ወደ አገራቸው ተመልሰው የአካባቢውን ልጆች ሲያሠለጥኑ ኖሩ፤ ማዘጋጃ ቤቱም ወደ ስታዲየሙ የሚወስደውን መንገድ ሃላቫራ ብሎ ሰየመላቸው። ስሙ የእኔም ስም ነው፤ በዚያ መንገድ እስከ ጡረታዬ ደብዳቤ ሳድል ግን ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም። በመጨረሻም ባደረባቸው የልብ ሕመም በሐኪም ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሳምንት በቤታቸው በሰላም ዐረፉ። ከአባታችን ጎን ያለውን የመቃብር ቦታ እኔ ለራሴ አስቤው ነበር፤ ያንንም ወሰዱት።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ታርያ የብሉቤሪ ኬኳን ይዛ ቤቴ መጥታ ነበር። «ያሠለጠኗቸው አባታቸው ናቸው የሚለውን አንቺው ጻፊው፤ የእኔ እጅ አይጽፈውም» አልኳት።

«እንዴ ሲርካ፣ አልነገረሽም?» አለችኝ። አሜሪካ በገቡበት በመጀመሪያው መኸር፣ ተጫዋቹ ሁሉ በተሰበሰበበት አሠልጣኙ «አገርህ ውስጥ ከአንተ የሚፈጥን ማን አለ?» ብሎ ጠይቋቸው ኖሯል። በእኛ ዘንድ ጥያቄ የሚጠየቀው እንዲመለስ ነውና እርሳቸውም እውነቱን «እኅቴ» ብለው መለሱ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ አሠልጣኙም ተቀለደብኝ ብሎ በማግስቱ ወደ ታችኛው ቡድን አወረዳቸው።

«ክረምቱን ሙሉ ‹እኅትየው› እያሉ ነበር የሚጠሩት» አለች ታርያ። «ከዚያ ወዲህ ማንም ‹ለዚህ ማን አበቃህ?› ሲለው ‹አባቴ› ነው መልሱ። በአንቺ እንዳይሳቅ።»

«ታዲያ ለእኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ቢነግርሽማ ‹በእኔ ምክንያት ነው የወረደው› ብለሽ ትብከነከኚ ነበር፤ አለዚያም ትኮሪ ነበር። የትኛው እንደሚብስ አላወቀም።»

ኬኩን ወደ ጎን ገፋሁት።

አቶ ኢልፖ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ታርያን፣ ልጆቻቸውን ሚርቫንና ኬይዮን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ያሠለጠኗቸውን የዚህን አካባቢ ልጆች፣ እንዲሁም ዕድሜዋን ሁሉ ስትቀናባቸው የኖረች አንዲት እኅት ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን።

ኢልፖ፣ ወጉ እዚህ ላይ ይብቃኝ። ከአባባ ጎን ለእኔም ትንሽ ቦታ ተውልኝ። ጠባብ ነው እንዳትለኝ፤ በጠባብ ቦታ እንዴት እንደሚታለፍ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።