የበረሃ ዘይት ለሳሊተ ምሕረት ብርድ

ጋሽ ኤርሳዶ ጉርድ ሾላ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የገቡት ሞተር ከሞት የሚመልስ ዘይት ፍለጋ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ እንቁ ውጭ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቋቸዋል። እግራቸው ከታመመ ወዲህ ወሎ ሰፈር ለፊዚዮቴራፒ የሚመላለሱት በዚችው መኪና ነው። መኪናዋ የሄደችበት ኪሎ ሜትር ተቀጣጥሎ ቢዘረጋ ዓለምን ዞሮ ትራፊው ለልብስ ማስጫ ገመድ ይተርፋል። ጠዋት ስትነሳ ደግሞ መንቋቋቷ የሰፈራቸውን የሳሊተ ምሕረትን ውሻ ሁሉ ቀስቅሶ፣ ጨረቃን አስደንግጦ ነው የሚበርደው።

«አብዱራሕማን፣ እንደ ሁልጊዜው ሃምሳ ቁጥር ዘይት ስጠኝ። ከሃምሳ የሚወፍር ካለህ ደግሞ እሱን!»

«ጋሼ፣ ከዚህ የሚወፍረው ሬንጅ ነው። እሱን አስፋልት የሚያነጥፉትን ይጠይቁልኝ» አለ ባለሱቁ።

አጠገባቸው የቆመች ወጣት ሳቅ አመለጣት። ሮሃ ትባላለች፤ ሜካኒካል ምህንድስና ተምራ አውቶቡስ የሚጠገንበት ቤት ትሠራለች፤ የመጣችው የዝናብ መጥረጊያ ልትገዛ ነው።

«ይቅርታ አባቴ፣ በእርስዎ አይደለም የሳቅሁት። ሞተሩ ምን ሆነብዎት?»

«አረጀ፣ ልጄ። ለሽማግሌ ጋቢ ይደረብለታል፣ ላረጀ ሞተር ወፍራም ዘይት ይጨመርለታል፤ ይሄ ምን ትምህርት ቤት ያስኬዳል? እኔ አሰብ መንገድ ላይ ተሳቢ ስነዳ አንቺ ገና በእግዚአብሔር ሐሳብ ውስጥም አልነበርሽ!»

አልዋሹም። ጋሽ ኤርሳዶ በወጣትነታቸው ዓመታት የነዱት ኮፈን ላይ እንቁላል ቀርቶ በሬ በሚጠበስበት በረሃ ነው። እዚያ ቀጭን ዘይት የሞላ ሾፌር መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ሃምሳ ቁጥር የሞላ ልጆቹን አሳድጓል። እንዲህ ያለ ዕውቀት በላብ የተገዛ ነውና ሰው በቀላሉ አይለቀውም። ሮሃም ይህን ስላወቀች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እዚያ ልክ ነበሩ፣ ጋሽዬ። አሁን ግን መኪናዋ የምታድረው የት ነው?»

«ሳሊተ ምሕረት።»

«የምትጮኸው ጠዋት ነው ወይስ ከሞቀች በኋላ?»

«ጠዋት ነው እንጂ። ማስነሻ ሞተሪኖው ያቃስታል፣ የዘይቷ ቀይ መብራትም ቶሎ አልጠፋ ትላለች። ከሞቀች በኋላ በግ ናት።»

«ሰማያዊ ጭስ አላት? ዘይትስ ይጎድልባታል?»

«ኧረ በፍጹም! ጠብታም አትበላ።»

«እንግዲያው ያመማት እርጅና አይደለም፤ ብርድ ነው። ሃምሳ ቁጥሩ እዚያ ብርድ ላይ ሲያድር ይረጋል። ጠዋት የዘይት ፖምፓው ስቦ ከሞተሩ አናት ያሉት ባልቦላዎች ጋ እስኪያደርሰው ብረት ከብረት በደረቁ ይፋተጋል። የሚሰሙት ጩኸት እሱ ነው። እርስዎስ ገና ከአልጋ ሳይወርዱ ገንፎ ቢያጎርሱዎት ነው ወይስ አጥሚት ቢያቀርቡልዎት የሚወርድልዎት?»

«አጥሚቱ ነዋ» አሉ ጋሽ ኤርሳዶ፤ ወዲያው ግን ነቁ። «ቆይ፣ ቆይ! ቀን ሲግል እንደ ውሃ ቀጥኖ ሞተሬን ቢጨርሰውስ?»

«ለዚሁ ብለው ሁለት ቁጥር ያለው ዘይት ሠሩልን እኮ። ይኸውልዎት፣ ቴን ደብልዩ ፎርቲ። የፊተኛው ቁጥር፣ አሥሩ፣ የብርዱ ነው፤ ሲያንስ ዘይቱ ጠዋት ቶሎ ይሮጣል። የኋለኛው የሙቀቱ ነው፤ ሞተሩ ሲግልም እንደ አርባ ቁጥር ሆኖ ይጠብቀዋል። ፋብሪካውም ውጭ ለቆመችው ለእርስዎ መኪና የሚፈቅደው ነው። ዘይት የምትበላ ቢሆን የኋለኛውን ከፍ እናድርግ እል ነበር።»

«ስሟት፣ ጋሼ» አለ አብዱራሕማን። «እኔ ሃምሳውን ብሸጥልዎት ምን ቸገረኝ?»

ጋሽ ኤርሳዶ በመስታወቱ አሻግረው ባለቤታቸውን አዩ።

«ልጄ፣ ለመኪናዋ ብቻ ቢሆን በጨከንሁ። እንቁ ታክሲ መውጣት አትችልም። ትናንት ጩኸቱን ሰምታ ‹ሕክምናው ይቅርብኝ፣ አንተም አትድከም› አለችኝ። ባንቺ ምክር ሞተሩ ቢበላሽ፣ እግሯም እዚያው ቀረ ማለት ነው።»

ሮሃ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔም ሳሊተ ምሕረት ነኝ፣ ጋሽዬ። ነገ ጠዋት ሲያስነሱ አጠገብዎ እቆማለሁ። ካልተሻላት፣ እትዬ እንቁን በእኔ መኪና ወሎ ሰፈር አደርሳቸዋለሁ፤ ሌላ ሞተር እስኪገኝም አመላልሳቸዋለሁ።»

ሽማግሌውን የረታቸው ይህ ነው። ምክር የሚሰጥ ሞልቷል፤ ከምክሩ ጋር አብሮ የሚቆም ግን በሸገር በባትሪ ተፈልጎም አይገኝ። እዚያው ጎን ካለው ጋራዥ ገብተው ዘይቱንም ፊልትሮውንም አስቀየሩ። አሮጌው ዘይት ወርዶ እስኪያልቅ ሁለት የተኳረፉ ጎረቤቶች ታርቀው፣ ልጆቻቸውን አጋብተው፣ እንደገና መኳረፍ ይችሉ ነበር።

በማግስቱ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ሮሃ እንደ ቃሏ መጥታለች። ጋሽ ኤርሳዶ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩና ቁልፉን አዞሩ። ያ ጩኸት አልተሰማም።

«ዛሬም እምቢ አለች?» አሉ ከጎናቸው የተቀመጡት እትዬ እንቁ።

«ተነስታለች እኮ!» አሉ ጋሽ ኤርሳዶ ዓይናቸውን ገልጠው።

ቀይዋ መብራት ብልጭ ብላ ጠፍታ ነበር። ጋሽ ኤርሳዶ ዘለው ወረዱና ለግቢው ዘበኛ ስብከት ጀመሩ፤ ዘይቱን ራሳቸው ቀምመው የፈለሰፉት እስኪመስል።

«አየህ አይደል? ዘይት የሚመረጠው የመኪናን ዕድሜ ቆጥሮ አይደለም! የምታድርበትን ብርድ፣ የሞተሩን ጤና፣ የፋብሪካውን ቃል አይቶ ነው። ልኩን ያገኘ ሞተር ሞተሪኖና ባትሪ አይገድልም፤ ባልቦላና ኩሽኔታው ዕድሜ ያገኛል፤ ቤንዚንም ይቀንስልሃል። ሃምሳ ቁጥር ለአሰብ!»

ሮሃ ከኋላቸው ቆማ ፈገግ አለች፤ አንድም ቃል አላረመችም።

ወደ ወሎ ሰፈር ወረዱ። ለዓመታት በሞተር ጩኸት ላይ ሲጯጯሁ የኖሩ ባልና ሚስት ዛሬ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ይሰማሉ። እትዬ እንቁ የታመመ ጉልበታቸውን እያሹ፣ በሹክሹክታ ያህል ጠየቁ፦

«ኤርሳዶ፣ ለሐሙሱ ቀጠሮዬም ትወስደኛለህ?»