ሞተሩን ዝናብ እንዳይመታው

ከኮኪት ወደ መተማ በሚኒባስ ስንሄድ፣ ከኋላዬ አንድ ጎረምሳና አንድ ሽማግሌ ወሬ ያዙ። እኔ ደግሞ ጥርሴ እንጂ ጆሮዬ አላረጀም።

«ዛሬ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለብኝ አባባ። መንጃ ፈቃድ ስለሌለኝ፣ ፖሊስ ቁም ሲለኝ በሞተር አመለጥሁ።»

«ካመለጥህማ እንዴት ያዙህ?»

«ሞተሩን ጭቃ ሲይዘው ጥየው ሰሊጥ ውስጥ ገባሁ። ዝናቡ ሲመጣ አላስችል አለኝና ሸራ ላለብሰው ተመለስሁ። ለካ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል!»

«አይ ልጄ! እኔም በጉብዝናዬ ጊዜ ከሱዳን ቀረጥ ያልከፈልሁበት ስኳር ጭኘ ስመጣ ፊናንስ ፖሊስ አባረረኝ። እኔ አመለጥሁ፣ አህያዬን ያዟት። ቢለቋት ቀጥ ብላ ቤቴ ድረስ ይዛቸው መጣች።»

«ታሰሩ እንዴ?»

«ሦስት ወር። ስፈታ ግን በር ላይ ቁማ ጠበቀችኝ። ከዚያ ወዲህ እንደሷ እኔን የናፈቀ የለም።»

«እኔስ ከታሰርሁ ሰሊጤን ማን ያጭድልኛል?»

«ለዳኛው የሸራውን ነገር ንገራቸው። ንብረቱን የሚወድ ሰው ርቆ አይሸሽም በላቸው።»

«እርስዎ እንደዚህ ብለው ነበር?»

«ብያለሁ እንጂ። ዳኛው ስቀው ስቀው ፈረዱብኝ።»

እኔም የሟቹ ባሌ አህያ ትዝ አለችኝና ስሟን በልቤ ጠራሁት።