ወገቤን ነው

ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ አንዲት ልጅ እግር ሴትና ጠና ያሉ እናት ተቀምጠዋል።

«ወዴት ነሽ፣ ልጄ?»

«ሐኪም ቤት፣ እትዬ። ከወለድሁ ወዲህ ወገቤን ያመኛል።»

«ወገብሽን ብቻ?»

«ስቆም... ወደታች የሚወርድ ነገርም አለ።»

«እንዲያ በያ! ማህፀኔ ወጣ በዪው። ስንቷ ሴት ወገቤን ብላ እንክብል ብቻ ይዛ ተመለሰች።»

«ለወንድ እንዴት ብዬ? የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለመንገዱ የይለፍ ወረቀት ሲሰጠኝም ወገቤን ነው ያልሁት።»

«እሱን ተዪው። ለሐኪሙ ግን ስሙን ጥሪለት።»

«እሺ። እርስዎስ ምንዎን ነው የሚያመዎት?»

«እኔማ የመጨረሻውን ልጅ ከወለድሁ ጀምሮ... ወገቤን ነው።»

ከኋላቸው ሆኜ፣ በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ፣ «ማህፀኔ ወጣ» የሚለውን በልቤ ደጋግሜ ተለማመድሁት።