ድርሰትም ይግባኝ አለው

ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቶ ነበርና ደረጃውን እያለከለክሁ ስወጣ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጎረቤቴ ጡረተኛው ዳኛ ከእህታቸው ልጅ ጋር ቁጭ ብለው ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ልጅቷ ለሬዲዮ ድራማ የምትጽፍ፣ ምላሷ የማያርፍ ናት። በዳኛው ጉልበት ላይ የወረቀት ክምር ተቀምጧል።

«መምህር፣ ና እስቲ ፍረድልን!» አሉኝ። «ባለቤቴ ከነርስነቷ ጡረታ ወጥታ ዛሬ ማታ ግብዣ አለን። እንዴት እንደተገናኘን በልብ ወለድ ጽፌላታለሁ። ይቺ ግን እንደገና ይጻፍ ትለኛለች። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማችም?»

«ጋሼ፣ እሱ ለቃል ኪዳን ነው እንጂ ለድርሰት አይደለም።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ስፈርድ የፈረድኩትን ሰርዤ አላውቅም!»

«ታዲያ ይግባኝ የሚባለው ምንድን ነው? እርስዎ ባይሰርዙት የበላይ ፍርድ ቤት ይሽረዋል። የድርሰት የበላይ ፍርድ ቤት ደግሞ ሰሚው ነው። በልጅዎ ሠርግ ላይ ሲያነቡ እንግዳው ምን ሆነ?»

ዳኛው የወረቀቱን ጠርዝ ማስተካከል ያዙ። ያን ቀን ሙሽራው ሳይቀር እንዳንቀላፋ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«እንግዳው ይተኛ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «የከነከነችኝ ባለቤቴ ናት። ከጻፍኩት አንዱን እንኳ እስከ መጨረሻው ሰምታልኝ አታውቅም። ዛሬ ብትሰማኝ ብዬ ነበር።»

ልጅቷ ይህን ስትሰማ ቀልዷን ተወች። «እንግዲያው ጮክ ብለው ያንብቡልን፤ 'ከዚያስ?' የምንልበትን ቦታ እንፈልጋለን።»

አነበቡ። ስለ ትዳር ክቡርነት አንድ ገጽ፣ ስለ ወጣትነት ጠባይ ሌላ ገጽ። ዓረፍተ ነገሩ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ማሰሪያ አንቀጹ ግን የውሃ ሽታ ሆኗል። ዓይኔ መክበድ ጀምሮ ነበር። አራተኛው ገጽ ላይ ግን «ነርሷ የተሰበረ ክንዴን እያሰረች፣ 'ዳኛም እንደ ልጅ ያለቅሳል እንዴ?' አለችኝ» ሲሉ፣ ሁለታችንም ባንድ አፍ «ከዚያስ?» አልን።

«ይኸው መግቢያዎ!» አለች ልጅቷ እያጨበጨበች። «ከዚህ በፊት ያለው ሁሉ ይውጣ።»

«ምክሩስ? ሰው ምን ይማርበታል?»

«ምክሩማ በባለቤትዎ አፍ አለልዎ፣ ጋሼ። ዳኛም ሰው መሆኑን እሳቸው በአንድ ጥያቄ ነገሩን፤ እርስዎ ሦስት ገጽ ፈጀብዎ።»

ዳኛው ወረቀቱን ትክ ብለው አዩት። ከዚያም እስክሪብቷቸውን መዘዙና ችሎት የተቀመጡ ይመስል፣ «ይግባኙ ተቀባይነት አግኝቷል!» ብለው ገጾቹን ከላይ እስከ ታች ሰረዟቸው። የቀረውን እዚያው ደረጃ ላይ አብረን ቆራረጥነው፤ ጆሯችን የደከመበትን አወጣን፣ ሴትዮዋ ዝም ያሉበት ቦታ ላይ እንዲናገሩ አደረግን።

ማታ ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞላ። ዳኛው ሊያነቡ ሲነሡ ባለቤታቸው እንደ ልማዳቸው ሰሃን ሊሰበስቡ ተነሡ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሲነበብ ግን ሰሃኑን እንደያዙ ቆሙ። ቀጥለው ተቀመጡ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ውሃ ሊጎነጩ ገና ሲያቆሙ፣ ታሪኩን ራሳቸው የኖሩት ሴትዮ አንገታቸውን አስግገው፣

«ከዚያስ?» አሉ።

እኔ ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ የልጅቷን ትከሻ መታሁት።

ንባቡ አልቆ ጭብጨባው ሲበርድ ዳኛው እጃቸውን አነሡ። «እስከ ዛሬ ሰሚ ጠፋ እያልኩ ሰው ስወቅስ ኖሬአለሁ። ለካ የጻፉትን ጮክ ብሎ ማንበብ፣ የሚያስተኛውን ሳይሳሱ መቁረጥ፣ ሰዎቹን ራሳቸውን ማናገር ቃልን ማጠፍ አይደለም፤ ቃሉ ለሰው እንዲደርስ ማድረግ ነው። የእኔም ዛሬ ደርሶልኛል...» እንባቸው ቀደማቸው።

ባለቤታቸው ሰሃኑን አስቀምጠው የዳኛውን ክንድ ያዙ።

«ዳኛዬ፣ ዛሬም እንደ ልጅ ታለቅሳለህ እንዴ?»