የደፋሁት ጠርሙስ

አቃቂ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የስኳር ክትትል ነርስ ነኝ። ባለፈው አንድ የማውቃቸውን አዛውንት፣ ጡረታ የወጡ የፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው፣ ራሳቸውን ስተው ልጃቸው በባጃጅ ይዛቸው መጣች። ስንለካቸው ስኳራቸው ከመጠን በላይ ወርዷል። ግሉኮስ ሰቀልንላቸው፤ ቀስ በቀስ ነቁ።

ልጅቷ "አባዬ ከኪኒናው ጋር ጠዋት ማታ የሽፈራው ቅጠል አፍልቶ ይጠጣል" ስትለኝ ደሜ ፈላ። በየቀጠሯቸው "ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?" እያልኩ እጠይቃቸዋለሁ እኮ! መልሳቸው ሁልጊዜ "ምንም የለም ልጄ" ነው።

"አባባ፣ ሁለቱም ስኳር ያወርዳሉ፤ ተደራርበው ሊገድሉዎት ነበር! ምነው ደበቁኝ?" አልኳቸው።

እሳቸውም፣ "አንዲት ሴትዮ የምትጠጣውን ሽፈራው በጠርሙስ አምጥታ ያሳየችሽ ቀን ትዝ ይልሻል? ተቆጥተሽ በሰው ፊት ደፋሽባት። ከኋላዋ ወረፋ ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ" አሉኝ።

ትዝ አለኝ። እንዲያውም ያን ቀን ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ለባልደረቦቼ አውርቼዋለሁ።

እሳቸው ከተሻላቸው በኋላ ካርድ ክፍል ሄጄ የሴትዮዋን ካርድ አስወጣሁ። የመጨረሻው ጽሑፍ የእኔ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣችም።