የሞቀው ሣጥንና የተልባው ዘይት

ጭጋግ መንገዱን በሸፈነበት አንድ ማለዳ፣ እግሩ የላላ የመጽሐፍ ማስቀመጫዬን በብብቴ ይዤ ወደ ጎረቤቴ ወደ አናጢው ሄድሁ። በበሩ ላይ የሟች ወንድሙን ልጅ አገኘኋት። ይህች ወጣት በሙያዋ ነርስ ስትሆን ከአዳር ሥራ መመለሷ ነበር። በእጇ ሁለት ጠርሙስና አንድ የወረቀት ከረጢት ይዛለች።

«እንደምን አደሩ የኔታ? እግዚአብሔር ነው ያመጣዎት። እኔን እንቢ ያሉኝ አጎቴ ምናልባት እርስዎን ይሰሙ ይሆናል» አለችኝ።

ተያይዘን ገባን። አናጢው ወንድሙን ከቀበረ ወዲህ እጅግ ከስቶ፣ ፊቱም አዲስ እንደተላገ ጣውላ ገርጥቶ ነበር። ክፍሉ በተልባ ዘይት ሽታ ታፍኗል። በማዕዘኑ፣ በሁለት የእንጨት መቆሚያዎች ላይ፣ የሚያብረቀርቅ የሬሳ ሣጥን ተቀምጧል።

«የማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የራሴ ነው የኔታ። ሌላ ሰው ልኬን አሳስቶ ቆርጦ እግሬን እንዳያሳጥፈኝ ብዬ ነው» አለ። ቀልዱን ተናገረው እንጂ አልሳቀም።

ነርሷ ጠርሙሶቹን በሥራ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ደረጃ ሲወጡ ደረታቸውን ጨምድዶ ሲይዛቸው ሐኪም ዘንድ ወሰድኋቸው፤ የረጋውን ስብ ትተው በፈሳሽ ዘይት ይብሉ፣ ተልባና ሰሊጥ የዱባም ፍሬ ይልመዱ፣ ክኒኑንም አያቋርጡ ተባሉ። ክኒኑን ይውጣሉ። ጠርሙሱን ግን እንኳን ሊቀምሱ አይከፍቱም!»

«ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሬሳ ሣጥን የምወለውለው በተልባ ዘይት ነው። ለሙታን ያዘጋጀሁትን መልሼ ለራሴ ላጉርስ?»

«ሚስማርም ለሬሳ ሣጥን ይመታል ጋሼ። የምግብ ጠረጴዛዎ ላይም አለ። ታዲያ ቆመው ነው የሚበሉት?»

«ምላስሽ እንደ አባትሽ ነው» አላት።

«አባቴ የልቡ ደም ሥር ጠብቦ ነው የሞተው። ሁለታችሁ ደግሞ ስባችሁን የምታነጥሩት በአንድ ድስት ነበር። እርስዎንም በዚያው መንገድ ልሸኝዎት?»

አናጢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነገሩ ከምግብ ያልፋል። የኔታ፣ እጅዎን እዚህ ያኑሩ» አለኝ።

መዳፌን በሣጥኑ ክዳን ላይ አሳረፍሁ። ሞቋል! በክፍሉ ውስጥ ብረቱም እንጨቱም ቀዝቃዛ ሲሆን ያ ክዳን ግን ሰው አሁን የተነሣበት አልጋ ይመስል ነበር።

«ወንድሜ ነው» አለ አናጢው በሹክሹክታ። «ማታ ቀዝቅዞ እዘጋዋለሁ፤ ጠዋት ሞቆ አገኘዋለሁ። ተኝቶበት ያድራል። ቦታዬን እያሞቀልኝ ነው። እንዲህ የሚጠበቅ ሰው ምግብ መምረጥ ምን ያደርግለታል?»

የልጅቱ ፊት ተለወጠ፤ የሚነገረው ስለ አባቷ ነበርና። እኔም፣ ይህን ያህል ዘመን መጻሕፍትን ስመረምር የኖርሁት፣ ጸሎት ጀመርሁ። በዚያን ጊዜ ከክዳኑ ስንጥቅ ቀጭን ጢስ፣ በብርድ ቀን ከአፍ እንደሚወጣ ትንፋሽ፣ ብቅ አለ።

«የኔታ፣ ጸሎቱ አይቅር፤ ግን ክዳኑን ይያዙልኝ» አለች።

ከፈትነው። በራስጌው በኩል ዘይት የጠጣ የጨርቅ ክምር ተጠቅጥቋል፤ መካከሉ ጠቁሮ፣ አየር ሲያገኝ እንደ ዓይን ቀላ። ነርሷ በመጥረቢያ መሳያው ድንጋይ አጠገብ የነበረውን ባልዲ ውኃ አንሥታ ገለበጠችበት። ፍሙ ቸስ ብሎ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ይህን ማን ከተተው?»

አናጢው አንገቱን ደፋ። «አንቺ ወደ ሥራ ስትሄጂ ሣጥኑን እወለውለው ነበር። እንዳታዪብኝ ጨርቁን እዚያው እደብቃለሁ። ያስተማረኝ ጌታዬ አንድ በአንድ ውጭ አስጣው ይለኝ ነበር። ለንጽሕና መስሎኝ...»

«የተልባ ዘይት አየር ሲያገኝ ይሞቃል። ጨርቁ ከተሰጣ ሙቀቱ ይበተናል፤ ከታፈነ ግን እየጋለ ሄዶ በራሱ ይነዳል። አባቴ አይደለም ጋሼ።» ባዶውን ባልዲ አኖረች። «እርሱ ቢሆን ኖሮ ሊቀሰቅስዎት እንጂ ቦታ ሊያሞቅልዎት አይመጣም ነበር።»

«እንግዲያስ አልጠራኝም?»

«አልጠራዎትም።»

አናጢው ተቀምጦ አለቀሰ። ቆይቶም ዓይኑን ጠርጎ ወደ ጠርሙሱ ተመለከተ። «ይህስ ከእኔ ቆርቆሮ ጋር አንድ ነው?»

«በፍጹም! የቆርቆሮው ማድረቂያ የተጨመረበት ነው፤ ጠብታው እንኳ አይቀመስ። ይህ ለምግብ የተጨመቀ የተልባ ዘይት ነው። በቀዝቃዛና ብርሃን በሌለበት ቦታ ይቀመጣል፤ እሳት ላይ አይጣድም፤ በበሰለ ምግብ ላይ ይፈስሳል። ማብሰያው ሁለተኛው፣ የወይራው ነው። ስቡን ይተካል እንጂ በስቡ ላይ አይደረብም።»

«በከረጢት ያለውስ ፍሬ?»

«ተልባው ይፈጫል፤ ካልተፈጨ እንደገባ ይወጣል። ውኃም በደንብ ይጠጡበት። ሰሊጡና የዱባው ፍሬ ቢቆሉም መልካም ነው።»

«ወፍ አደረግሽኝ እኮ!»

«ወፍ ደረቷን ይዛ ደረጃ ላይ ስትቀመጥ አይተው ያውቃሉ?»

ያን ጊዜ ሳቀ፤ ከቀብሩ ወዲህ ሲስቅ መስማቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

እኔም እንዲህ አልሁት፦ «ወዳጄ፣ ለሞት መዘጋጀት በንጹሕ ኅሊና ነው እንጂ አካልን በመበደል አይደለም። ፈጣሪ ሕይወትን በሰሊጥ ፍሬ ውስጥ ሲሰውር ለእኛ ለደካሞቹ አስቦ ነው። የተሰጠንን ንቀን ብንሞት ጠራኝ እንል ዘንድ አፍ የለንም።»

አናጢው ተነሣ። መዶሻውን አንሥቶ የሣጥኑን ሚስማሮች ይነቅል ጀመር።

ዛሬ የሣጥኑ ክዳን፣ ዘይት የጠጣው ገጽ እስከ ነጩ እንጨት ተልጎ፣ በማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ መደርደሪያ ሆኗል። የፍሬዎቹ ማሰሮዎች በላዩ ተሰልፈዋል። የዕድሜው ልክ በፈጣሪ እጅ ነው፤ ነገር ግን ሐኪሙ በደሙ ምርመራ ደስ ተሰኝቷል፣ ሆዱ ተስተካክሏል፣ ደረጃውንም ሳያርፍ ይወጣል። ጨርቆቹን ውጭ በሽቦ ላይ አንድ በአንድ ያሰጣል። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ድስትህን መርምር፤ ፍርሃትህንም ክዳኑን ከፍተህ እይ።

አንድ ልማድ ብቻ አልተወም። ዘወትር ጠዋት ከምግቡ በፊት መዳፉን በመደርደሪያው ላይ ያኖርና ጥቂት ይጠብቃል። የወንድሙ ልጅም ትጠብቃለች፤ አትስቅበትም።

«ቀዝቃዛ ነው» ይላል፤ ማንኪያውንም ያነሣል።