በአውሮፕላን የቀናሁ ጊዜ

በእኛ ጊዜ ሰው የሚቀናው በበሬ ነበር፣ በመሬት ነበር፣ በዛ ቢባል በቆንጆ ሚስት ነበር። እኔ ግን በአውሮፕላን ቀናሁ! አትሳቁ ልጆች፣ ስሙኝ እንጂ።

ሽብሩን ታውቁት የለም? የሚስቴ ወንድም፣ ድንበርተኛዬ። ከዚህ ከጫጫ በላይ ማሳችን ጎን ለጎን ነው። ታዲያ እኔ ያን ግንቦት ሦስቴ አርሼ፣ ጓሉን አድቅቄ፣ ማሳዬ ለገብስ ተዘጋጅቷል፤ የሽብሩ ደግሞ ሁለተኛ ዓመቱን ጦም አድሯል። ሣር ብቻ። «ምነው ሽብሩ?» ስለው «ጋሼ ተክሌ፣ መሬትም እኮ ይደክመዋል» ይለኛል። መሬቱ ነው የደከመው? እሱ ነው እንጂ!

ታዲያ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሞተር ሰማሁና ቀና አልኩ። ትንሽዬ አውሮፕላን፣ አንድ ሰው የምትይዝ፣ ወደ ቆላው የአንበጣ መድኃኒት ልትረጭ የምትሄድ። ድርርር ስትል ስትል፣ እፍ፣ እፍ አለችና ጭጭ! ሞተሩ ጠፋ። ነፋሱ ብቻ ሲያፏጭ ይሰማል። እና ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ እያለች በቀጥታ ወደ እኔ! በሬዎቼ ደነበሩ። እኔም፣ ምን ልደብቅ፣ «ወደ እኔ ማሳ ነው የመጣችው» ብዬ እየፈራሁም ደስ አለኝ። ጥላዋ በራሴ ላይ አለፈ፣ ማሳዬን አለፈ፣ ድንበሩን አለፈ፣ እና የሽብሩ ሣር ላይ ዘፍ! ሁለቴ ነጠረች፣ ተንሸራተተች፣ ቆመች።

ሮጬ የደረስኩት እኔ ነኝ፤ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሽብሩ? ተኝቶ ነበር! ጋቢውን እየጎተተ መጣ። ታዲያ አብራሪው፣ ገና ልጅ ነው፣ ወረደና «ማሳው የማን ነው?» አለ። «የኔ ነው» አለ ሽብሩ እያዛጋ። ልጁ አንገቱ ላይ ተጠመጠመበትና «አባቴ፣ የእርስዎ መሬት ነው ያተረፈኝ!» ሲለው አንጀቴ እርር አለ።

«የእኔስ ማሳ ምን ሆነና ነው ያለፍከው?» አልኩት።

«ይቅርታ አባቴ፣ አይቼው ነበር። ግን ታርሷል፤ ጎማው ትልሙ ውስጥ ቢገባ ተገልብጬ አልቆልኝ ነበር» አለኝ። ስሙ እንግዲህ! በማረሴ!

ከዚያ ወዲያማ ከደብረ ብርሃን ሰው በሚኒባስ እየመጣ ከሽብሩ ጋር ፎቶ ይነሳል። ሽብሩም «ልቤ ነግሮኝ ነው ጦም ያሳደርኩት» ማለት ጀመረ። ልቤ ነግሮኝ! ሚስቴ ሳትቀር «ወንድሜ ሰው አተረፈ» ትላለች። ቀናሁ፣ እንቅልፍ እስካጣ ቀናሁ። እና ምን ባደርግ ጥሩ ነው? በዓመቱ ማሳዬን ጦም አሳደርኩት!

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ልንበላ ነው?» አለች ሚስቴ። «መሬትም ይደክመዋል» አልኳት። ክረምቱን ሙሉ ሰማይ ሰማይ ሳይ ከረምኩ። ምንም የለም። ሽብሩ ደግሞ፣ የሚመጣው ሰው ሁሉ «እዚህ ምን ያመርታሉ?» እያለ ሲጠይቀው አፈረና አረሰ! አረሰና ገብሱ ጢም ብሎ ያዘለት። ሁለት ዓመት ያረፈ መሬት አይደል?

ታኅሣሥ ላይ ጎተራዬ ባዶ ነው። ሽብሩ ገብስ በአህያ ጭኖ መጣና ደጄ ላይ አራገፈው። አልሳቀም እኮ! ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። «ጋሼ ተክሌ፣ አውሮፕላኗ እስክትመጣ ይቺን ቅመሱ» ብሎኝ ሄደ። ያን ገብስ እየበላሁም ቀናሁ።

— አሁንስ አባባ፣ ማሳውን አረሱት?

— አርሼዋለሁ እንጂ! ዳር ላይ ትንሽ ብቻ ትቻለሁ፣ ለበሬዎቹ ሣር።

— ለበሬዎቹ?

— ለበሬዎቹ ነዋ! ደግሞ በእግሬ ለክቼዋለሁ፤ ርዝመቱ ከሽብሩ ማሳ አያንስም።